የማይደበዝዘው ብልጭልጭ

ጥቅምት 12 ቀን

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣ ለሚጡዬ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የጤናሽ ነገር እንዴት ነው? ብርዱስ፣ ሥራውስ፣ ያ በየአውቶቡሱ እየተብለጨለጨ ሰው የሚያስቅብሽ ፀጉርሽስ? እኔ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን እንደ ብረት ነኝ፤ ናፍቆትሽ ብቻ እርሾ እንደበዛበት ሊጥ ከቀን ወደ ቀን ይነፋብኛል።

አሁን ቁጭ በይ። ቆመሽ እንዳታነቢው። ይህን ደብዳቤ የጻፈው ማን ይመስልሻል? እናትሽ? አይደለችም። እኔ ነኝ! እኔ አጎትሽ፣ በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ! እስከ ዛሬ ለእናትሽ እየነገርኩ ያስጻፍኩት እጄ ሁልጊዜ በቅቤ ስለሚጨማለቅ ነው እንጂ ፊደልማ ድሮም አውቃለሁ። ያስነበብኩትም መነጽሬ ጠፍቶ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠፋ መነጽር አይተሽ ታውቂያለሽ? የማታ ትምህርት የገባሁት ደግሞ መምህሩን ለማገዝ ነው። ገና ልጅ ነው፤ ብቻውን ሃያ ሦስት ሽማግሌና አሮጊት ይዞ ሲንገላታ አሳዘነኝ። እሱም ባለፈው ሳምንት «ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ ምስጋናን መመርመር ነውር ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በፋሲካው ሰሞን የላክሽልኝ ሁለቱ ብልቃጦች፣ የኬኩ ብልጭልጭ ማለቴ ነው፣ ስም አስጠርተውኛል። ልንገርሽ ግን፣ ወርቁ ፈሪ ነው። ክሬም ላይ ስነሰንሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ያበራል፣ እርጥበቱን ሲጠጣ ደግሞ እንደ አፋር ሙሽራ ይደበቃል። ብሩ ግን ጀግና ነው! ሦስት ቀን መስኮት ላይ ባስቀምጠው ዓይኑን አይከድንም። በሰኔ የአናጺው ልጅ ሲያገባ ባለ አምስት ደርብ ኬክ ሠርቼ ብሩን ከላይ እስከ ታች አለበስኩት። መብራት ሲያርፍበት ድንኳኑ ሁሉ «ውይ!» አለ። ሙሽራዋን ማንም አላያትም ነው የሚሉት። አንዷ ሴትዮ «ጋሼ፣ እኔም ስሞት በዚህ ይገንዙኝ» አለችኝ።

በማግስቱ እንኳ ነገር ተበላሽቶ ነበር። አርባ የሚሆን ሰው ሆዱን ይዞ ዋለ፤ ጉሮሮዬን ቧጠጠኝ የሚለውም ብዙ ነው። እናትሽም ሦስት ቀን ተኝታለች። አሁን ደህና ናት፣ አትስጊ። ስታስል መሐረቧ ላይ ብልጭ ብልጭ ይል ስለነበር «አንቺ ብር መትፋት ከጀመርሽማ ባንክ እንክፈት» ብላት በሳቅ ሆዷን ይብስ አመማት።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን ለመታወቅ ጊዜ አልፈጀም። የክሬሙን ወተት ያመጣችልኝ ባለወተቷ ናት። ሰው ሱቄ ደጃፍ ተሰብስቦ «ምን አበላኸን?» ሲለኝ እኔም «ባለወተቷ ዘንድሮ ላሟን ትታ ጉድጓድ ማለብ ጀምራለች» አልኩ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ! ሆዱን ያመመው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቀልዷ ከእኔ ቀድማ ሰፈሩን ዞረች፤ ዛሬ ባለወተቷን «ጉድጓድ አላቢ» እንጂ በሌላ ስም የሚጠራት የለም። በአንድ አረፍተ ነገር ሰው የሚሰይም አጎት አለሽ፣ ኩሪ!

ደግነቱ ሴትዮዋ ቂም አታውቅም። ማታ ማታ ትምህርት ቤት ከፊቴ ባለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፤ እርሳሴ ሲዶለዱም ዞር ሳትል መቅረጫዋን በትከሻዋ ላይ ታቀብለኛለች።

በጥር የመምህራችን እህት ታገባለች፤ ኬኩ የእኔ ነው። ስለዚህ ብሩን ብቻ፣ ሁለት ብልቃጥ አድርገሽ ላኪልኝ። ወርቁን ተይው። ስልክ እንዳትደውይ፤ ስልክ መሃይም ሁሉ ያነሳዋል። ጻፊልኝ፤ የማነበው እኔ ራሴ ነኝ።

አጎትሽ፣
በገዛ እጁ


ታኅሣሥ 3 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ጤናና ዕድሜ ከደጅዎ አይራቅ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ እንደ አመሉ ነው፤ ፀጉሬም እንደ አመሉ።

የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ አለቀስኩ። በደስታ ነው። ፊደላቱ እንደ ኬክ ጽጌረዳ እየተጠማዘዙ፣ አንዱ ከአንዱ ላይ እየወጣ፣ ልክ እርስዎን ይመስላሉ። ከዚያ ደግሜ አነበብኩት። ከዚያም ደግሜ። መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።

እማዬ እንዴት ናት? ሳሉ ጨርሶ ለቀቃት? ባለወተቷስ? ልጅ ሳለሁ ጣሳው አፍ ላይ የሚቀረውን አረፋ በጣቴ እንድልስ ትፈቅድልኝ ነበር። አሁንም ለእርስዎ ታመጣለች?

ስለ መሥሪያ ቤቴ ነግሬዎት አላውቅም መሰለኝ። አንድ ረጅም አዳራሽ ነው፣ መሀሉ በግድግዳ ተከፍሏል። ከግድግዳው ወዲያ ነጭ ሽርጥ የለበሱት ከስኳርና ከስታርች የሚሠራውን ብልጭልጭ ያሽጋሉ፤ እሱ ምላስ ላይም ክሬም ላይም ይሟሟል። ከግድግዳው ወዲህ ሰማያዊ ሽርጥ የለበስነው ሌላውን እናሽጋለን። ለሻማ፣ ለሪባን፣ ለወረቀት አበባ የሚሆነውን። የእኛው አይሟሟም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የብሩ ብልቃጥ ሥር ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፌ ነበር። ምን ብዬ እንደጻፍኩበት ረስቼዋለሁ። አንብበው ቃል በቃል ይጻፉልኝ። እስከዚያ ድረስ ብሩን ምንም የሚበላ ነገር ላይ እንዳይነሰንሱት። የመምህሩ እህት ሠርግ ላይም ቢሆን። አደራ እላለሁ። ሁለት ጊዜ አደራ።

ብልጭልጭ አልላኩም። በእሱ ፈንታ የማንበቢያ መነጽር ልኬያለሁ፤ የጠፋውን ይተካልዎት።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 6 ቀን

ለሚጡዬ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደህና ነኝ።

መነጽሩ ደረሰኝ። ሳደርገው ሚኒስትር መሰልኩ ይላሉ። ዝናቡ ዘንድሮ ያለ ወሩ መጥቶ ዱቄቱን አረጠበብኝ። የሱቁ በርም አብጦ አልዘጋ ብሎኛል፤ አናጺውን ልጠራው ነበር፣ ተውኩት። እናትሽ ደህና ናት፤ ሳሉ ከለቀቃት ቆየ።

የወረቀቱን ነገር ያነሳሽው፣ ሽሮፕ ፈሶበት አይነበብም። ሞክሬ ነበር። ብዙም አስፈላጊ ነገር አይመስለኝም።

ለመምህራችን እህት ነጭ ኬክ ሠራሁ። ምንም አልነሰነስኩበትም። ሰው «ጋሼ ታመሙ እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ ትንሽ ጉንፋን ነው አልኩ።

ባለወተቷን ጠይቀሻል። ለእኔ ማምጣት ካቆመች ቆይታለች፤ ማለቴ እኔ ነኝ ያስቆምኳት። ከሁለት ላሞቿ አንዷን ሸጣለች። ወተቷን የሚገዛት ሲጠፋ ምን ታድርግ። ጣሳዎቿን ሦስት ሦስት ጊዜ በፈላ ውኃ ታጥባለች አሉኝ። እጇ ተልጧል። ትናንት መቅረጫዋን ስታቀብለኝ አየሁት።

ብሩን አትላኪ። ወርቁንም አትላኪ።

አጎትሽ


የካቲት 2 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ሰላም ለቤትዎ ይሁን፤ እንቅልፍም ለዓይንዎ። እኔ እንቅልፍ የለኝምና ለእርስዎ እመኝልዎታለሁ።

ጋሼ፣ ያ ወረቀት ሽሮፕ አይነካውም። በላዩ ላይ ግልጽ ፕላስተር ደርቤ ለጥፌበታለሁ። የጻፍኩትንም አልረሳሁም። እኔም ዋሸሁ፣ እርስዎም ዋሹ፤ አሁን እኩል ነን፤ እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር።

ብሩን የላክሁት ለመስኮትዎ የውሸት ኬክ ነበር፣ ለዚያ ለማሳያ ከስፖንጅ ለተሠራው። ደግሞም የላክሁት ጥቅሉ ትንሽ እንዳይመስል ነው። አንድ የወርቅ ብልቃጥ ብቻ ብልክ «ይሄን ያህል ዓመት ውጭ ኖራ ይሄን ላከች» እንዳይባል ፈርቼ። ለሠራተኛ ከሚታደለው ከእኛ ወገን አንሥቼ ጨመርኩበት። ለጉራ ነው። ከማን እንደወረስኩት እርስዎ ያውቁታል።

የመጀመሪያ ደብዳቤዎን ሳነብ «ሦስት ቀን አይደበዝዝም» የሚለው ላይ ስደርስ ገባኝ። የእማዬ መሐረብ ላይ ስደርስ ደግሞ ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ። እንዲያም ሆኖ ወር ከምናምን ዝም አልኩ። «አንብበው ይጻፉልኝ» ያልኩት እርስዎ ራስዎ አግኝተውት እኔ ከመናገር እንድድን ነው።

ከዚህ የባሰ አለ። የዛሬ ስንት ዓመት፣ ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ፣ ሱቅዎ ውስጥ ዱቄት የተነሰነሰበት ትልቁ ጠረጴዛ ላይ በጣቴ «ጋሼ ራሰ በራ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሊቆጡ ነው ብዬ ከበሩ ኋላ ተደበቅኩ። እርስዎ ግን መጥተው ረጅም ጊዜ አዩትና «እንዴት ያምራል! የእህቴ ልጅ የጻፈችው ነው፣ ማንም እንዳይጠርገው» አሉ። እስከ ምሳ ድረስ የገባ ደንበኛ ሁሉ አንብቦ ሳቀ። እርስዎም የሚስቁት በደስታ መስሎዎት ከእነሱ ጋር ሳቁ። እኩለ ቀን ላይ አላስችል ብሎኝ በቀሚሴ ጠረግኩት። «ለምን አበላሸሽው?» ብለው አዘኑብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ማንበብ እንደማይችሉ እያወቅኩ ነው ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ የላክሁት። አንድ ጊዜ ደውዬ «ጋሼ፣ ብሩ አይበላም» ማለት ይበቃ ነበር። ካልኩ ግን ማወቄን ያውቃሉ ብዬ አፈርኩ። የእርስዎን ክብር የጠበቅኩ መሰለኝ፤ ዋጋውን ባለወተቷ ከፈለች።

ስለዚህ ጥፋቱን ለእኔ ይስጡት። «የእህቴ ልጅ የማይበላ ነገር ልካብኝ ነው» ይበሏቸው። እውነት ነው። እኔ ሩቅ ነኝ፣ በር ላይ ቆሞ የሚስቅብኝ የለም። ለባለወተቷም ደብዳቤ ጽፌ አሽጌ አስቀምጫለሁ፤ ፖስታ ቤት ያልወሰድኩት ከእርስዎ አፍ ይቅደም ብዬ ነው።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 9 ቀን

ለሚጡዬ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ በጤና ያግኝሽ። እንቅልፍሽንም ይመልስልሽ፤ እኔ የእኔን ገና አላገኘሁትም፣ ግን ኮቴውን እሰማለሁ።

ወረቀቱን ያነበብኩት መነጽሩ በደረሰ ዕለት ነው። ሰባት ጊዜ አነበብኩት። በዕድሜዬ ማንም ሳያግዘኝ፣ ሳልደናቀፍ የጨረስኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ እሱ ነው። ሌላው ሰው ፊደል ሲቆጥር የሚያነበው ስለ ንብና ስለ አበባ ነው፤ እኔ የራሴን ክስ አነበብኩ።

ጥፋቱን ለእኔ ይስጡት ያልሽውን አይቻለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አምሮኝ ነበር። ልሰጥሽም ተነሥቼ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ «የእህቴ ልጅ ናት» ማለትን ተለማመድኩት፤ ድምፄም ያምር ነበር። ከዚያ ግን አንድ ጥፋት ለሰው ሰጥቼ ያየሁት ይበቃኛል አልኩ።

መምህሩ በየወሩ መጨረሻ አንድ ልማድ አለው። እያንዳንዳችን ከቤታችን ወይ ከሥራችን ጽሑፍ ያለበት ነገር ይዘን እንመጣለን፣ ፊት ወጥተን እናነባለን። ባለፈው ዓርብ ጫማ ሰፊው የቀለም ቆርቆሮውን አነበበ፤ «ከእሳት ያርቁ» የሚለው ላይ ሲደርስ ራሱ ደንግጦ ሲጋራውን አጠፋ። ቀጥላ ባለወተቷ ወጣች። ካርቶን ላይ በትልልቅ ፊደል ራሷ የጻፈችውን ይዛ ነው። ከጣሳዋ አንገት ላይ ልታንጠለጥለው ነው አሉ። «ይህ ጣሳ ሦስት ጊዜ በፈላ ውኃ ታጥቧል» ብላ አነበበች። አንድም ፊደል አልዘለለችም። መምህሩ አጨበጨበ። ያኔ ከኋላ አንዱ «ጉድጓዱስ?» አለ።

ክፍሉ ሳቀ። ሚጡዬ፣ ቀልዷን አወቅኋት። የእኔው ናት፤ አድጋ፣ ጥርስ አውጥታ መጣች። ባለወተቷ ካርቶኑን ወደ ደረቷ አዙራ ያዘችው፣ ጽሑፉ እንዳይታይ። ተመልሳ ስትቀመጥ ጀርባዋ ብቻ ነው የታየኝ።

ተራው የእኔ ሆነ። ላነብ የተዘጋጀሁት የዱቄት ጆንያውን ነበር፤ አራት ቀን ተለማምጄዋለሁ፣ በአንድ ትንፋሽ እጨርሰዋለሁ። የብሩ ብልቃጥ ግን ኮት ኪሴ ውስጥ ናት። ካነበብኳት ወዲህ የትም ላስቀምጣት ስላልቻልኩ ይዤያት ነው የምዞረው። ፊት ወጥቼ ጆንያውን ወለል ላይ አስቀመጥኩና ብልቃጧን አወጣሁ። ገለበጥኳት።

«ጋሼ፣ ብሩ ለመስኮቱ ኬክ ማስጌጫ ብቻ ነው። አይበላም። ሰው በሚበላው ላይ እንዳይነሰንሱት» ብዬ አነበብኩ።

ሳቁ! «ጋሼ ደግሞ ዛሬ ምን ይዞብን መጣ!» አለ ጫማ ሰፊው። «ይደገም! ይደገም!»

ደገምኩት። ይብሱን ሳቁ። ቀልደኛ ሰው እውነት ሲናገር ማን ያምነዋል? መምህሩ ብቻ አልሳቀም፤ ብልቃጧን አየ፣ እኔን አየ፣ ፊቱ ተለወጠ። ሦስተኛ ጊዜ ሳነበው ይደገም የሚል አልነበረም።

«በአናጺው ልጅ ሠርግ የነሰነስኩት ይህንን ነው» አልኩ። «ወተቱ አልነበረም። ሥሩ ላይ ተጽፎልኝ ነበር፣ ማንበብ አልችልም ነበር። ማንንም አንብብልኝ ብዬ አልጠየቅኩም፣ አፍሬ። የጉድጓዱንም ቀልድ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ባለወተቷ ተነሣች። መጥታ ብልቃጧን ከእጄ፣ መነጽሩን ከአፍንጫዬ ላይ ወሰደች። መነጽሩን አድርጋ በተላጠው ጣቷ እያንዳንዱን ፊደል እየነካች ለራሷ አነበበች። ቸኩላ አይደለም። ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ዘጠኝ ወር ሙሉ የገዛ እጄን ስጠረጥር ነው የከረምኩት።»

ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው።

«የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእህቴ ልጅ።»

«ግልጽ ነው» አለችኝ መነጽሩን እየመለሰች። «ማንበብ ለሚችል።»

ለእናትሽ በማግስቱ ነገርኳት። ከሣጥኗ መሐረቡን አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረችው። ስንት ጊዜ አጥባዋለች፣ ብሩ እስካሁን አልለቀቀም። ጀግና ነው ብዬሽ አልነበር? ጀግንነቱን አየሁለት።

አሁን በየጠዋቱ የባለወተቷን ጣሳዎች ተሸክሜ ቤት ለቤት እዞራለሁ። እሷ ከመንገዱ ወዲያኛው ዳር ትሄዳለች፤ አብራኝ አትሄድም። በየበሩ ቆሜ «ወተቱ አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ» እላለሁ። አንዳንዱ ይገዛል። አናጺው በሩን ፊቴ ላይ ዘጋው፤ እውነቱን ነው። አንዲት ልጅ እግር ሴት ደግሞ ሰምታ ስታበቃ «ጉድጓድ አላቢዋ መጣች በሏቸው!» ብላ ወደ ውስጥ ተጣራች። በክፋት አይደለም፣ ስሟ የመሰላት ይህ ነው። እየዞርኩ እውነተኛ ስሟን እነግራቸዋለሁ። ስም ማውጣት አንድ አፍታ ነው፤ መመለሱ ግን እግር ያስፈልገዋል። የሸጠቻት ላም አትመለስም፤ ገዢው ሩቅ አገር ወስዷታል።

እኔ ሱቅ የሚመጣው ሰው ቀንሷል። የሚመጣውም ኬኩን ወደ ብርሃን እያዞረ ያየዋል። ይየው።

ደብዳቤሽን ላኪላት። ራሷ ታነበዋለች፣ ማንንም አታስቸግርም። እኔን ይቅር እንድትል እንዳታስቸግሪያት ግን፤ ስለ አረፋው ብቻ ጻፊላት። መቅረጫዋን ከዚያ ዓርብ ወዲህ አላዋሰችኝም። እርሳሴን በኬክ ቢላዋ ነው የምቀርጸው፤ ይህም ደብዳቤ በእሱ በተቀረጸ እርሳስ የተጻፈ ነው፤ ፊደሉ ቢወፍርብሽ ለዚያ ነው።

የሚላክልኝ ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። በሚቀጥለው ደብዳቤሽ አናት ላይ፣ ትልልቅ አድርገሽ፣ ያንን ዱቄት ላይ የጻፍሽውን ጻፊልኝ። ሱቁ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ሰው ሲስቅ በዚህኛው ምን እንደሚያስቀው ዐውቄ እስቃለሁ።

አጎትሽ፣
ራሰ በራው